የመጀመሪያው ሳምንት ተማሪ

ሐሙስ ጠዋት ተማሪውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የታላቅ ወንድሙ ድምፅ ነው። ወንድሙ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፏል፤ ቧንቧውን ለቆታል፤ ከውሃው ድምፅ ሥር ግን በዚህ አገር ቋንቋ፣ ገና አፉን እንደሚፈታ ሰው እየተንተባተበ «አለሁ» ይላል። ዝም ይላል። ድምፁን ቀጠን፣ ለስለስ ያደርግና እንደገና «አለሁ» ይላል። ቀጥሎ ሳቀ። ብቻውን የሚስቅ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀልድ ጣል አድርጎለት አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው። ተማሪው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ጆሮውን ጣለ። ይህን ሳቅ ያውቀዋል፤ እሱ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሳለ ወንድሙ እንዲህ ይስቅ ነበር። እዚህ አገር ከገባ ወዲህ ግን ሰምቶት አያውቅም።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሌላ ሰው ነው፤ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ግንባሩን የቋጠረ፣ ቀኑ ሳይጀመር የደከመው የቢሮ ሰው። ተማሪው ከማን ጋር ስታወራ ነበር ቢለው፣ ከቢሮ ደውለውለት እንደሆነ፣ ዛሬ አርማታ ስለሚሞላ ቶሎ መድረስ እንዳለበት ነገረው። ተማሪው እሺ አለ። የወንድሙ ስልክ ግን እዚያው፣ በተማሪው ራስጌ፣ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሁለቱም አዩት። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ነቀለና ኪሱ ከተተው፤ ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ አለና ወጣ።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። መሃል ላይ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ የወንድሙ አልጋ፣ ከወዲህ ደግሞ ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ የሚሆን፣ ሽቦው ጎን የሚወጋ ነገር አለ። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይነካል። ለዚህች ክፍል በወር የሚከፈለውን ዋጋ ተማሪው በመጣ ቀን ሲሰማ «ከነአከራይዋ ነው እንዴ?» ብሎ ቀልዶ ነበር፤ ወንድሙ አልሳቀም። በክፍሉ ውስጥ የመሐንዲስ ቤት የሚያስመስል አንድም ነገር የለም፤ ማስመሪያ የለ፣ የተጠቀለለ ንድፍ የለ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ እንኳ የለ። አገር ቤት፣ እናታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ግን፣ ጥቁር ካባ ለብሶ ባለዘርፍ ቆቡን ደፍቶ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ሰፈሩ በስሙ መጥራት ከተወ ቆይቷል፤ ኢንጂነሩ ነው የሚባለው። እናቱም ብትሆን «ኢንጂነሬ» እንጂ ሌላ አትልም። ታናሹ ፈተናውን አልፎ ታላቁ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሲያገኝ «መንገዱን የሚያውቅ ወንድም አለህ፣ ምን ቀረህ?» አለችው። ያልተደሰተው ኢንጂነሩ ብቻ ነበር። ሌላ ከተማ የተሻለ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ እዚህ አስተማሪዎቹ ልበ ደንዳና እንደሆኑ ደጋግሞ እየደወለ ነገራቸው። ኤርፖርት ሲቀበለው ግን አቅፎት ብዙ ቆየ። ከዚያ በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ፣ ራቅ አድርጎ አየውና «እኔን አክለሃል» አለው፤ «ቁርጥ እኔን» ሲለው ድምፁ የደስታ ይሁን የፍርሃት መለየት አልተቻለም።

ትምህርት የተጀመረው ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት የበሩ ዘበኛ ሌላውን ሁሉ እያስቆመ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ እሱን ግን ጣቱን ወደ ቆቡ ሰዶ ሰላም ብሎ አሳለፈው። ማክሰኞ ካፍቴሪያ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ፣ ሻይ የምትቀዳው ሴት ገና አፉን ሳይከፍት ስኳር የሌለው ሻይ ሎሚ አድርጋ አቀረበችለት። በዕድሜው ሻይ ያለ ስኳር ቀምሶ አያውቅም፤ ለመመለስ ግን ቋንቋው አጠረውና ፊቱን እያጨማደደ ጠጣው። ረቡዕ ደግሞ አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አይቷት የማያውቃት ልጅ ደረጃ ላይ አስቆመችውና ስለ ትናንቱ አመሰገነችው። አንተ ባታስረዳኝ ኖሮ ሁለተኛውን ጥያቄ እስከ ዛሬም አልፈታውም ነበር አለችው። ትናንት እሱ ለማንም ምንም አላስረዳም። የትናንትናውን ሁለተኛ ጥያቄ ራሱም አልፈታውም። ምንም አይደለም ብሏት ወረደ፤ እጁ ግን የደረጃውን ብረት ጠበቅ አድርጎ እንደያዘ ታች ሲደርስ ነው የታወቀው።

ለራሱ የሰጠው መልስ ቀላል ነበር። እዚህ አገር እኛን አይለዩንም፤ አንዱን ያየ ሁሉን ያየ ይመስለዋል። ማታ ለወንድሙ ሲያጫውተው ወንድሙም ይህንኑ አለው፤ ትንሽ ፈጠን ብሎ አለው እንጂ። ችግሩ ተማሪው በዚያ ሕንፃ ውስጥ እስካሁን አንድም ያገሩን ሰው አለማየቱ ነው። ሌላም ነገር አለ። ወንድሙ ማታ ማታ ሲገባ ይደክመዋል፤ እህል ውሃ ሳይል፣ የተሰነጣጠቀ እጁን ቅባት እየቀባ (ሲሚንቶ ነው የበላኝ ይላል) ስለ ትምህርቱ ይጠይቀዋል። የት ተቀመጥክ፣ ማን ገባ፣ ምን ተጻፈ። ተማሪው መናገር ሲጀምር የወንድሙ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ረቡዕ ማታ የሒሳብ መምህርቷ አንዱን ምሳሌ ተሳስታ እንዳጠፋችው ሲነግረው፣ ወንድሙ ቀና ሳይል «ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችና ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ» አለ። ተማሪው አዎ አለ። ካለ በኋላ ነው ያሰበው፤ ያ የሆነው ያን ዕለት እንጂ ድሮ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ ተማሪው ሻዩን ጠጥቶ ሰማያዊ ሹራቡን ቢፈልግ አጣው። ከበሩ ጀርባ ከመስቀያው ላይ ነበር ያስቀመጠው። ታጥቦ ይሆናል ብሎ በኮቱ ብቻ ወጣ። ጠዋት የሒሳብ ክፍል ነበረው፤ ሁለት ምድብ ነው፣ የጠዋትና የከሰዓት፤ እሱ የጠዋቱ ነው። መምህርቷ ሽበቷን ወደ ላይ ጠቅልላ በእርሳስ የወጋች፣ ስታስተምር ከሰሌዳው ጋር የምትጣላ የምትመስል ሴትዮ ናት። እያስተማረች ዓይኗ ደጋግሞ እሱ ላይ ያርፋል። አንዴ ጥያቄ ወርውራ እሱን እያየች ጠበቀች፤ እንደሚመልስ እርግጠኛ ሆና፣ የልጇን አፍ እንደምታይ እናት ፈገግ ብላ ጠበቀች። እሱ አጎነበሰ። ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛዋ በጣቷ ጠራችው፤ ሌሎቹ እስኪወጡም ወረቀቷን እየሰበሰበች ቆየች።

«በመጨረሻ ተመዘገብክ» አለችው። «በጣም ደስ ብሎኛል።»

ተማሪው አዲስ እንደሆነ፣ ከአገሩ የመጣው ቅዳሜ ዕለት እንደሆነ በሚችለው ቋንቋ ገለጸላት። ሴትዮዋ የቆየ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቀች።

«በየዓመቱ እንደሱ ነው የምትለኝ። ቅዳሜ ነው የመጣሁት ትላለህ። ከሁሉም ቀድመህ ትመልሳለህ፣ የሰነፎቹን ሁሉ ታስረዳለህ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ድራሽህ ይጠፋል። እኔ እንኳ አንዳንዴ ይሄን ልጅ በሕልሜ ነው እንዴ የማየው እላለሁ።»

ሌላ ሰው ይሆናል አላት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ጠጋ አለች። ትንፋሿ የቡና ከረሜላ ይሸታል። ፊቱን እንደ አንድ አስቸጋሪ ስሌት ከላይ ወደ ታች አነበበችው፤ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አንተ ግን» አለችው በለሆሳስ፣ «ሌላው ሲያረጅ አንተ ወጣት ትሆናለህ እንዴ?»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል ይሰማል፤ የራስ ፊት እሳት እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረውም። መጸዳጃ ቤት ገብቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። አየው። ቅንድቡም፣ የአፍንጫው ጉብታም፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳም የራሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ለብሶት እንደነበረ፣ ከሰው የተረፈ ልብስ እንደለበሰ ተሰማው። እናቱ ለወንድሙ ያጠረውን ሁሉ ለእሱ እያሳጠረች ነው ያሳደገችው፤ ያኔ ቅር ብሎት አያውቅም።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ለወንድሙ ደወለለት። ምን እንደሚለው አላወቀም፤ ድምፁን ብቻ ቢሰማ የሚረጋጋ መስሎታል። ወንድሙ አነሳ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ምነው ደህና አይደለህም እንዴ አለው፣ በሹክሹክታ። ተማሪው መልስ ሊሰጥ ሲል የዩኒቨርሲቲው ደወል ተደወለ፤ አሮጌ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ያለው ደወል ነው። በግራ ጆሮው ከአየሩ ሰማው። በቀኝ ጆሮው ደግሞ ከስልኩ ውስጥ ሰማው። አንዱ ደወል ከሁለት ቦታ ነበር የሚመጣው፤ ያው ስንጥቅ፣ ያው መጎተት። ሁለቱም ወንድማማቾች ደወሉ እስኪያበቃ ሳይናገሩ ጠበቁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የትኛው እንደዘጋው ተማሪው አላወቀም። ቀና ብሎ ግቢውን ቃኘ፤ ሰው ይመላለሳል፣ ሁሉም ጀርባ ነው፣ ሁሉም ቦርሳ ነው።

የከሰዓቱ ክፍል ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። ተማሪው ቀድሞ ገብቶ ከሁሉም ኋላ፣ አንድ እንደ በር የሰፋ ልጅ ጀርባ ተቀመጠ። ይህን ለምን እንደሚያደርግ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም። ልቡ አውቆታል፤ ራሱ ግን ገና እሺ አላለም። ልጆቹ በሁለትና በሦስት እየሆኑ ገቡ። ፀጉሯን የተቆረጠችው ልጅ ገባችና ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አኖረች፤ ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ሲመጣ ሰው አለው አለችው።

ሰውየው መጣ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ፀጉሩን ወደ ፊት አውርዶታል። የሚራመደው ጠዋት ከቤት እንደወጣው ሰው ተጎትቶ አይደለም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳችለት። ተማሪው ከኋላ ሆኖ የራሱን ማጅራት፣ የራሱን ትከሻ፣ እናቱ ሻንጣው ውስጥ ስትከት ያየውን የራሱን ሹራብ ተመለከተ፤ ለአፍታም እሱ የተቀመጠው እዚያ እንደሆነ፣ እዚህ ኋላ ያለው ደግሞ ማንም እንዳልሆነ መሰለው። መምህርቷ ገና አልመጣችም። ከፊት ወንበር ያሉት ሁለት ልጆች ዞረው ከሰውየው ጋር ጨዋታ ያዙ። ይስቃል፤ ያንን የመታጠቢያ ቤቱን ሳቅ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ። ቋንቋውን ተማሪው ራሱ እንደሚንተባተበው ይንተባተባል። ልጅቷ የት እንደሚኖር ጠየቀችው።

ከታላቅ ወንድሙ ጋር እንደሚኖር ነገራት። እዚሁ የተማረ፣ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ኢንጂነር እንደሆነ፣ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ እንደተቀበለው፣ ብዙ እንደማያወራ፣ ማታ ሲገባ ድካም እንደሚጥለው ሁሉ አጫወታት። የሚናገረው በስስት ነበር፤ ሰው ስለሚኮራበት ዘመዱ እንደሚያወራ። ልጅቷም ታዲያ ይወድሃል ወይ አለችው። ትንሽ አሰበ።

«ይወደኛል» አለ። «ግን የሚፈራኝ ይመስለኛል።»

ለምን ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ኋላ ወንበር ላይ አረፈ። ሰፊው ልጅ እርሳስ ወድቆበት ጎንበስ ብሎ ነበር። ልጅቷ ተማሪውን አየች፣ አጠገቧ ያለውን አየች፣ እንደገና ተማሪውን አየች። እዚያ ኋላ ያለው ልጅ አንተን አይመስልም ወይ አለችው። ኢንጂነሩ ዞረ። ተማሪው ያን ፊት አይረሳውም። ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ አልደነገጠም፣ አልቀላም፤ ብቻ ዓይኑ እያየ ፊቱ አረጀ። በጉንጩ ላይ መስመሩ ወረደ፣ የዓይኑ ሥር ጠቆረ፣ ትከሻው ሹራቡ ውስጥ ሟሸሸ፤ በዚያ ሁሉ የሃያ ዓመት ልጅ መሃል የተቀመጠው ጎልማሳ ለማንም የሚታይ ሆነ።

«አንተ ማነህ?» አለችው ልጅቷ ተማሪውን፣ በቀልድ። ሌሎቹም ዞሩ።

ሊመልስ የሚችለው አንድ መልስ ነበር፤ እውነተኛው። ስሜ ይሄ ነው፣ ቅዳሜ ነው የመጣሁት፣ የለበሰው ሹራብ የኔ ነው፣ የሚያወራው ሕይወት የኔ ነው። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። የተሰረቀ ሰው ቁጣም ነበረው። የወንድሙን እጅ አየ ግን። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ጣቶቹ የተሰነጣጠቁ፣ ቆዳው የተላጠ፣ ሲሚንቶ የማይመስል ነገር የበላው እጅ። ያ እጅ ሊሸሸግ ሹራቡ እጅጌ ውስጥ ቀስ ብሎ እየገባ ነበር።

«ወንድሙ ነኝ» አለ ተማሪው።

«ኢንጂነሩ?»

«አዎ» አለ። «ታላቁ።»

መምህርቷ ይህን ጊዜ ገባች። ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ መጻፍ ጀመረች፤ ዞረች፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን አየችው፣ ከላይ ኋላ ያለውን አየችው። ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ብዙ ካየች በኋላ ማጥፊያውን አንስታ ንጹሑን ሰሌዳ ጠረገችው፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና። ከዚያ ትምህርቷን ቀጠለች። መሃል ላይ ጥያቄ ጻፈች። ክፍሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጠበቀ፤ ያ ሰው እንደሚመልስ ሁሉም ለምዷል። ኢንጂነሩ እጁን አላነሳም። መልሱን ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ተማሪው ከኋላ፣ ከጉንጩ ሥር ከጅማቱ ያየዋል። ጠበቁ። «ዛሬ ሌላ ሰው ይሞክር» አለች መምህርቷ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳታይ።

ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ወንድሙ ሹራቡን አውልቆ አጠፈው፤ ጥርት አድርጎ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ አጠፈው። ከሥሩ ነጩ ሸሚዝ ነበር። ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጡ፤ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ አሳለፉት። ታላቁ የተናገረው ብዙ አይደለም፤ የተናገረውንም የተናገረው መንገዱን እያየ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወድቆ ተባረረ። በዚያ ሳምንት እናቱ ደውላ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ በስልኩ እልልታ አሰማችው፤ አንደኛ ዓመት ጨረሰ ብላ። በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ፣ ያኔ እነግራታለሁ አለ። አልመለሱትም። ካባውን ፎቶ ቤት ነው ያገኘው፤ ቆቡ ጠቦት ራሱን አሞት ነበር። የሚሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ እጥበት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸው ሰዎች የተኙበትን አንሶላ ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ ያጥፋል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በዓመት አንዴ ዕረፍት ይሰጡታል። ዕረፍቱን የሚወስደው ትምህርት ሲጀመር ነው።

ለምን ሲለው፣ ወንድሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው።

«በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልወደቀም» አለው። «ሁሉም እኩል ነው። ሁሉም ገና ይሆናል።»

ተማሪው ቁጣው እንደገና መጣበት። አንሶላውንም፣ ካባውንም ይቅር ሊለው ይችላል፤ አንድ ነገር ግን አልገባውም። «እሺ ይሁን ጋሼ» አለው። «የኔን ለምን ወሰድክ? ቅዳሜ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ቅዳሜ ነው የመጣሁት» አለው ወንድሙ። «ያንተ አይደለም። ቀድሞ የኔ ነበር።» ረቡዕ ጠዋትም በክፍሉ በር መስታወት ቆሞ ሲያየው እንደነበረ ነገረውና ጨመረ፤ «ዘንድሮ የጨመርኩት ወንድሙን ብቻ ነው። እኔን የተቀበለኝ ሰው አልነበረም።»

ቀጣዩን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ቲኬቱን ለሁለቱም የቆረጠው ታላቁ ነው፤ ዋጋው ከባለፈው ወር መጨመሩን ለሾፌሩ አጉረመረመ፤ እንደ ወትሮው፣ ምንም እንዳልሆነ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጦ ከተማው በላያቸው ያልፋል፤ መብራት ሲመጣ አንደኛው ይጠፋና ሌላው ይቀራል። ተማሪው የቱ እንደሚጠፋ ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

ቤት ሲገቡ ገና አልጨለመም ነበር። ወንድሙ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ካውያውን ሰካ። ሌላ ሸሚዝ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መተኮስ ጀመረ። ተማሪው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ካውያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ። ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ አንድ ሰው ያስላል። ተማሪው ነገ ትሄዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ወንድሙ የተተኮሰውን እጅጌ እንደገና ተኮሰው። ተማሪው ያኔ የምር ፈራ። ለዓመታት እንዲህ ሊኖሩ እንደሚችሉ ታየው፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፣ በአንድ ሹራብ፣ በአንድ ወንበር፣ እሱ እያረጀ ወንድሙ እያነሰ፣ እናታቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶ እስኪሰቀል። አንድ ነገር ማለት ነበረበት። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ያለው ቃል ግን ሌላውን አላስብል አለው፤ አንዴ ታላቁ ነኝ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ አትሂድ ብሎ ይለምናል?

ስልኩ ጠራ። የተማሪው ስልክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሸሚዙ አጠገብ። እናታቸው ናት። ተማሪው አልተነሳም። ስልኩ እየተንቀጠቀጠ በጠረጴዛው ላይ ወደ ካውያው ተንፏቀቀ። ወንድሙ ካውያውን አቆመ፤ ታናሹን አየው፤ ታናሹም አየው፤ ማናቸውም ራሳቸውን አልነቀነቁም። ሊዘጋ ሲል ታላቁ አነሳው።

«አቤት እማዬ።»

«ኧረ ድምፃችሁን መለየት አቃተኝ» አለች፤ ሁልጊዜ የምትለው ነው፣ እየሳቀች። ስልኩ ይጮኻል፤ ቃሏ እስከ ሶፋው ይሰማል። «የትኛው ነህ?»

ወንድሙ አፉን ከፈተና ዘጋው። ተማሪው ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሰማው ቀጭን ድምፅ ሊወጣ እንደሆነ አወቀ፤ ጉሮሮው ላይ ሲዘጋጅ አየው። ተማሪ ሆኖ ሊያወራት፣ ዛሬ ምን እንደተማረ ሊነግራት፣ እሷም ልትመርቀው፣ ሁሉም በሰላም ሊያድር ይችላል። መስመሩ ውስጥ የእናታቸው ትንፋሽ ይጠብቃል።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ? የትኛው ነህ ልጄ?»

«ትልቁ ነኝ» አለ።

«እንዴት ዋልክልኝ ኢንጂነሬ።»

«እማዬ» አለ፤ «እንደሱ አትበይኝ።» ከመጋረጃው ወዲያ አልሄደም። መጥቶ ሶፋው ላይ፣ ከታናሹ አጠገብ፣ ሽቦው በሚወጋው በኩል ተቀመጠ። ታናሹ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈለት። «ሰው አለ አጠገብሽ? ... ከሌለ በሩን ዝጊና ቁጭ በይ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

እናታቸው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ፣ ቀጥሎም ወንበር ሲጎተት ተሰማ።